ደቦ ጠሪው ሕዋስ

ዱብቲን ከተማ ያደረጋት የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ነው፤ እርሻውን ያቆመው ደግሞ ከአዋሽ የተጠለፈ ቦይ ነው። ቦይ የደረሰበት መሬት ይለመልማል፣ ያልደረሰበት ይሰነጠቃል። የሰው ገላም ከዚህ አይለይም፤ ደም ያልደረሰበት ሥጋ ይሞታል። ከመካከላችን የአንዱ አባት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እግራቸው ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ወራት ሙሉ አልድን ብላ በመጨረሻ እግራቸው ተቆረጠ። እኛም ስለ ደም ሥር ማንበብ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ሕዋስ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው ትሉን ይሆናል። የገባነው በስም በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓናዊው አሳሃራና ባልደረቦቹ ቦስተን ላይ ሆነው፣ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ አዲስ የደም ሥር የሚሠሩ ሕዋሳት ይዘዋወራሉ ሲሉ ጻፉ። ሕዋሳቱም የደም ሥር ግድግዳ ቀዳሚዎች ተባሉ። አሥር ዓመት ያህል በዚሁ ስም ተጠሩ።

ታዲያ ስሙ ለብዙዎቹ አልሆነም! እንዴት ታወቀ? መሣሪያው ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ በየሆስፒታሉ ሲዲ ፎር ሲቆጥሩ ከኖሩት ማሽኖች ወገን ነው። ደሙ በቀጭኑ ይፈስሳል፤ ሕዋሳቱ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። በገጻቸው ላይ ያለውን ምልክት ፈልጎ የሚጣበቅ ቀለም ያዘለ ፀረ እንግዳ አካል አስቀድሞ ተጨምሮባቸዋልና፣ ምልክቱ ያለው ሕዋስ ያበራል። ችግሩ ሲዲ 34 የተባለው ምልክት በደም ቀዳሚዎችም በደም ሥር ግድግዳም ላይ መገኘቱ ነው። በእሱ ብቻ የፈረደ ዘመድና ባዕድ ይቀላቅላል።

ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ምልክቶችን ባንድ ጊዜ ቢያዩ፣ ሕዋሳቱ የደም ወገን ምልክት የሆነውን ሲዲ 45ን ይዘው ተገኙ። ለካ የመቅኔ ልጆች፣ የደም ዘመዶች ኖረዋል! ግድግዳውን እነሱ አይገነቡም፤ የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር እያመነጩ ገንቢዎቹን ይቀሰቅሳሉ። ኤሲ 133 የተባለው ምልክት ያላቸው የደም ሥር እድገትን ያግዛሉ፤ የሌላቸው አያግዙም።

ደጋ ያደግን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውንና ቆሎውን ያቀርባል፤ ዶማውን የሚያነሳው አገሩ ነው። ደቦ ጠሪውን ቆፋሪ ነው ብሎ ዶማ አስይዞ ቦይ መጠበቅ ግን ከንቱ ድካም ነው። ሕክምናም በስሙ ተማምኖ ቢጀምር ዕጣው ይኸው ነው።

ደግሞም ደቦው ለክፉም ይጠራል። ጁዳ ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው የካንሰር እጢ ያለ አዲስ የደም ሥር አያድግም። ስለዚህ ቁስል ላይ ብንመኛቸውም እጢ ላይ እንፈራቸዋለን፤ ለይቶ መቁጠር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ቆጠራው የጓደኛችንን አባት እግር አይመልስም። ቢሆንም፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ስምን በትክክል መጥራት የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ቅንጦት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው እግርም አለበት።