ግዳይ የሌለው ፉከራ፦ በቢቨርኪል ወንዝ ዳር የትራውት አጥማጆች ተረብና ጉራ

ከኒው ዮርክ ከተማ ተነሥቶ በአውራ ጎዳና 17 ወደ ሰሜን ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በካትስኪል ተራሮች መካከል ሮስኮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። ራሷን «የአሜሪካ የትራውት ከተማ» ብላ የሰየመችው ይህች መንደር ዝናዋን ያገኘችው ቢቨርኪል እና ዊሎዊሞክ የተባሉት ወንዞች ከሚገናኙበት፣ «ጃንክሽን ፑል» ከሚባለው ጥልቅና ሰፊ ስፍራ ነው። ትራውት በቀዝቃዛና በንጹሕ ወራጅ ውኃ የሚኖር፣ ጎኑ በነጠብጣብ የተሸለመ ዓሣ ሲሆን፣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብ ወንዝ ከተለቀቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው በመሆኑ ለኢትዮጵያም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

የሮስኮ አጥማጆች የሚመኩበት ዘዴ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ነው። «ዝንብ» የሚባለው፣ ከጥፍር በምታንስ መንጠቆ ላይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ የእንስሳ ጸጉርና የሐር ክር እየተጠመጠመ የሚሠራ፣ ከወንዙ የሚፈለፈሉትን ነፍሳት እንዲመስል የሚደረግ ማታለያ ነው። በኔቨርሲንክ ወንዝ ዳር የኖረው ቴዎዶር ጎርደን (1854–1915 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ1890 የላከለትን ተንሳፋፊ ዝንቦች ከአሜሪካ ነፍሳት ጋር እንዲመሳሰሉ አድርጎ ስለ ለወጣቸው፣ ዘዴው በዚያ አገር የያዘው መልክ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1883፣ ዕንቁላሉ ከጀርመን የመጣው ቡናማ ትራውት ደግሞ ከአገሬው የትራውት ዘር ይበልጥ ተጠራጣሪ በመሆኑ ታይቶ የማይያዘውን ዓሣ አበዛው፤ ጉራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያፈራው ባመለጠ ዓሣ ላይ ነው።

የማጥመጃው ወቅት በልማድ የሚከፈተው ኤፕሪል 1 ቀን ሲሆን፣ ዕለቱ ሰው ሰውን የሚያሞኝበት «የሞኞች ቀን» መሆኑን ከማንም ቀድመው የሚያነሡት አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን ማለዳው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ በዘንጉ ላይ የተደረደሩት ክር ማሳለፊያ ቀለበቶች በበረዶ ይደፈናሉ፤ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ የቆመውም ሰው ቀለበቱን በትንፋሹ ለማሟሟት ዘንጉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ አጠገቡ ያለው «ቁርስህን ሳትበላ ነው የወጣኸው?» ብሎ ይተርበዋል። ዝንቡ ወደ ኋላ ተወርውሮ ዛፍ ላይ የተሰካበት ሰው፣ በቅርንጫፍ ላይ የሚኖር ትራውት ስለ መኖሩ ጥያቄ ይዘንብበታል። ተንሸራትቶ የጎማ ልብሱ ውኃ የሞላበት ሰውማ ለወቅቱ በሙሉ መጠሪያ አገኘ ማለት ነው። ተረቡ ማዕረግ አይመርጥም፤ ሐኪሙም መካኒኩም እኩል ይቀምሱታል።

ጉራው የራሱ ሥርዓት አለው። ተራኪው በመጀመሪያ ሊጠረጠሩ የማይችሉ ዝርዝሮችን ይደረድራል፤ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመንጠቆውን ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ሰሚው ስለሚያውቅ፣ 18 ቁጥር መባሉ ብቻ ያስደንቃል)። ዓሣው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ርዝመቱም ታሪኩ በተደገመ ቁጥር ይጨምራል። ሰሚው «ውሸት ነው» ቢል ጨዋታውን ያፈርሳል፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ራሱን እየነቀነቀ አዳምጦ፣ ተራው ሲደርስ ከዚያ የባሰ ማምጣት ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ በርዝመቱ የሚዋሸው ማንንም አያታልልም፤ ሁሉም እያወቀ የሚስቅበት ነው። እውነተኛው ውሸት የሚዋሸው ዓሣው በየትኛው ዝንብና በየትኛው የወንዙ መታጠፊያ እንደ ተያዘ ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ ሳቁ ይጠፋል፣ መልሱም አጭር ይሆናል።

ይህን ሥርዓት ያጠናከረው ሕግ መሆኑ የሚገርም ነው። በቢቨርኪል ከ1965 ጀምሮ በተከለለው የወንዙ ክፍል የተያዘ ትራውት ሁሉ በሕይወቱ መለቀቅ ስላለበት፣ አጥማጁ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በኢትዮጵያ የቀድሞ አዳኝ ግዳዩን ሳያሳይ ቢፎክር መሳቂያ ይሆን ነበር፤ የቢቨርኪል አጥማጅ ግን ግዳዩን በሕግ ተከልክሎ ፉከራው ብቻ የቀረለት ሰው ነው። ሕጉ ዓሣውን ከሞት እንዳተረፈ ሁሉ ወሬውንም ከሚዛን አትርፎታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከግለሰብ ጉራ አልፈው የአካባቢ ሀብት የሆኑ ተረቶችም አሉ። በጃንክሽን ፑል የሚነገረው «ቢሞክ» ስለሚባል ባለ ሁለት ራስ ትራውት ሲሆን፣ ስሙ ከሁለቱ ወንዞች ስም የተገጣጠመ ነው፤ ዓሣው ሽቅብ ለመጓዝ ሲነሣ አንደኛው ራስ ወደ ቢቨርኪል፣ ሌላኛው ወደ ዊሎዊሞክ ስለሚጎትተው መወሰን አቅቶት ዕድሜውን በሙሉ እዚያው ቀርቷል ይባላል። ወደ ምዕራብ ርቆ በኮሎራዶ ደግሞ ጸጉራም ትራውት አለ፤ በአንደኛው ተረት መሠረት የጸጉር ማሳደጊያ መድኃኒት በአርካንሳስ ወንዝ ስለ ፈሰሰ ዓሦቹ ጸጉር አበቀሉ፣ አጥማጆችም እንደ ፀጉር አስተካካይ ለብሰው ወንዝ ዳር መቀስ እያንቀጫቀጩ ይጠሯቸዋል። በ1938 የሳላይዳ ከተማ ንግድ ምክር ቤት ጸሐፊ የነበረው ዊልበር ፎሼይ ይህን ዓሣ ለከተማዋ ማስታወቂያ አድርጎት ነበር፤ ሰውየው ቀደም ሲል በማጭበርበር ወንጀል ታስሮ የተፈታ ባለሀብት ስለ ነበር፣ ለሥራው ልምድ አልጎደለውም። ተረቱ ፍጹም መሠረተ ቢስ ላይሆን ይችላል፤ ሳፕሮሌግኒያ የሚባል ሻጋታ የታመመን ዓሣ ሲወርር ነጭ ጸጉር የበቀለበት ያስመስለዋል።

ዛሬ ጉራው ወደ ስልክ ካሜራ ተዛውሯል። ዓሣው ከመለቀቁ በፊት ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ካሜራው ማስጠጋት ሃያ ሳንቲ ሜትሩን አርባ ያስመስለዋል። በዘዴው የበሰሉት የሮስኮ ሽማግሌዎች ግን እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያዩ ዓሣውን ትተው የሚመረምሩት የያዘውን ሰው አውራ ጣት ነው፤ ጣቱ ከተለመደው በላይ ገዝፎ ከተገኘ፣ ስለ ዓሣው አንዲት ቃል ሳያነሡ ባለቤቱን ስለዚያ አስደናቂ ጣት እንኳን ደስ ያለህ ይሉታል።