ካዛንቺስ፦ ቤቱ ፈርሶ ስሙ የቀረ ሰፈር

የታክሲ ረዳቶች «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያሉ ሲጣሩ በቀን ስንት ጊዜ ይሰማሉ? ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ልጅዎ ጠይቆዎት ያውቃል? እስካሁን ካልጠየቀዎት በሚቀጥለው እሑድ እርስዎ ይጠይቁት፤ መልሱንም በእግር እየተጓዛችሁ ፈልጉት። ምቹ ጫማ፣ ውኃና የግማሽ ቀን ጊዜ ይበቃችኋል።

ጉዞውን ከመስቀል አደባባይ ይጀምሩ። የእስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን አልፈው በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ወደ ላይ ሲወጡ በስተቀኝዎ አፍሪካ አዳራሽን ያገኛሉ። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ ንድፉን የሠራው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚሁ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ወደ ውስጥ ለመግባት ከፈለጉ አስቀድመው ይጠይቁ። ከመንገዱ ማዶ የሚታየው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1948 ዓ.ም. የተመረቀ ነው።

አሁን ወደ ምሥራቅ ይታጠፉ። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ሰፈር ካዛንቺስ ነው።

የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ የሚሠራ ተቋም ነበራት፤ ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባላል። «ካዜ» ደግሞ በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። «ካዜ ኢንቺስ» በአዲስ አበቤ አንደበት ሲዞር «ካዛንቺስ» ሆነ። ፋሺስቶች ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለይተው ለማስፈር አቅደው ስለነበር፣ ባለ አትክልት ቦታዎቹ ቪላዎች ለእኛ ሰው የታሰቡ አልነበሩም።

ዳሩ ግን ዕቅዳቸው ከአምስት ዓመት አላለፈም። ንጉሡ በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ በ1933 ዓ.ም. ወደ መዲናቸው ተመለሱ። ቪላዎቹም በጊዜ ብዛት የእኛው ሰው መኖሪያ ሆኑ፤ በዙሪያቸው የጭቃ ቤቶች በረከቱ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆኑ። ሰውን ለመለያየት የተሠራው ሰፈር ቡና የሚጠራሩበት፣ በእድር የሚቀባበሩበት፣ ማታ ማታ ከአዝማሪ ቤቶቹ መሰንቆ የሚሰማበት ሆነ።

ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ደግሞ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሕፃኑ ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር የሚታሰብ ሰማዕት መሆኑን ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ የክፍለ ከተማው ስም የልጅ ስም መሆኑ ደስ ይላቸዋል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሳቢያ አብዛኛው የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛወረ። ዛሬ የሚሄዱበት መንገድ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ ልጅዎ ያለ ስጋት ይራመድበታል። ይሁንና ያ ልጅ እዚህ ጎረቤት ለጎረቤት እሳት ይጫጫር እንደነበር የሚያውቀው ከነገሩት ብቻ ነው። ድንጋዩ አይነግረውም፤ ብዙው ተነሥቷል።

ስለዚህ ጉዞውን ዑራኤል አካባቢ ሲጨርሱ፣ ማኪያቶዎን ይዘው አረፍ ሲሉ፣ አንድ ነገር ያድርጉ። ከዘመድ ወዳጅዎ መካከል ካዛንቺስ ያደገ ሰው አይጠፋም። ይደውሉለት፤ ስልኩን ለልጅዎ ይስጡት። ቤታቸው የት ጋ እንደነበር፣ ጎረቤታቸው ማን እንደነበረ፣ ኳስ የት ይጫወቱ እንደነበር ይጠይቅ። እርስዎም ድምፃቸውን ይቅረጹ።

በማግስቱ የታክሲ ረዳቱ «ካዛንቺስ!» ሲል፣ ልጅዎ ከፌርማታው ስም በላይ አንድ የሚያውቀው ቤት ይታወሰዋል።