በሕልምህ

ጳጉሜን ገባች። እዚህ ዋልዳ አደይ አበባ የለም፤ ያለው አቧራና ግመል ነው። ለእኔ ግን ዓመት የሚለወጠው በእንቁጣጣሽ ብቻ ሳይሆን ኳስ ሲጀመርም ነው። የ2017 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። በተለይ በ2013 በዚሁ ገጽ የጻፍኩትን ላይክና ሼር ያደረጋችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የቡና ደጋፊ መሆኔን ታውቃላችሁ። ያለፈውን ዋንጫ ንግድ ባንክ ወሰደው፤ መቻል እስከ መጨረሻው ቀን ተናነቀው። እኛ ቡናዎች ግን ከ2003 ወዲህ የሊጉን ዋንጫ አላነሳንም። ዘንድሮም እንደ ልማዴ "ዘንድሮ የኛ ነው" እላለሁ። እህቴ ሞያሌ ሆና ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቂ እታለም፣ ለምጄዋለሁ።

በዚያ በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ከመቐለ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ፤ አንድ ዶርም ነው የኖርነው። ያኔ መቐለ 70 እንደርታ ገና ፕሪሚየር ሊግ አልገባም ነበርና "እስኪገባ ድረስ ቡናን ላበድርህ" አልኩት። ቡናማና ቢጫ ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሜ ስታዲየም ወሰድኩት። ሻምፒዮን የሆንን ጊዜ ከእኔ ይልቅ የእሱ ድምፅ ነበር የዘጋው።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። መጋቢት 2010 ሞያሌ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ ያን ሰሞን ድንበሩን ከተሻገሩት ሺዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። እሱ ያለ ማቋረጥ ይደውልልኝ ነበር። በ2011 መቐለ ሻምፒዮን ሲሆን ስልኬ ጮኸ። "ብድርህን መለስኩ!" አለኝ። ከደስታው ብዛት ሌላ ቃል አልወጣውም። እኔም ከድንኳን ውጪ ቆሜ አብሬው ጮህኩ።

በ2013 ጦርነቱ መጣ፤ የትግራይ ስልክ ተቆረጠ። በዚያ ሰሞን ነው ያን ነገር የጻፍኩት። ዛሬ ልደግመው አልፈልግም። ስለ መንግሥት ወይም ስለ ፓርቲ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐሳቤ ነው እል ነበር። የጻፍኩት ግን ስለ ሕዝብ ነው፤ ስለ እናቱ ሕዝብ። ብዙ ላይክ አገኘሁበት። የሚገርመው፣ ስጽፈው አንድም ጊዜ እሱ ትዝ አላለኝም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ኔትወርክ ሲመለስ ከእሱ አንዲት መልእክት ደረሰችኝ። "ጽሑፍህን አየሁት" ትላለች። ሌላ የለም። ጽሑፉን አጠፋሁት፤ ለእሱ ግን ምንም አልመለስኩለትም። ምን ብዬ ልመልስ?

እኔ እኮ መምህር ነኝ። ከክፍል በኋላ ተማሪዎቼን ኳስ አጫውታለሁ። ወላጆቻቸው ሞያሌ ላይ ተጋጭተው ጎራ የለዩ ልጆች እዚህ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። በየጎሳቸው እንዳይቧደኑ ቡድን የምከፍለው በተወለዱበት ወር ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ልጅ ሌላውን በብሔሩ ሰደበው። ጨዋታውን አቁሜ ቆጣሁት፤ "ሰውን በዘሩ መስደብ ነውር ነው" አልኩ። ልጁ ድምፁን ሳያነሳ "ቲቸር፣ እርስዎም ጽፈው ነበር፤ ወንድሜ ስልክ ላይ አለ" አለኝ። ስክሪን ሾት ማለቱ ነው። እኔ አጥፍቼዋለሁ ያልኩት ነገር በሰው ስልክ ውስጥ ይኖራል። ያን ቀን ፊሽካውን ለሌላ ልጅ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ኳስ ቁስል ይፈውሳል ሲባል እንግዲህ ቶሎ አልስማማም። በ2010 እና በ2011 ስታዲየሞቻችን የብሔር ስድብ መድረክ ሆነው አይተናል። የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እስከ መጫወት ደርሰው ነበር። ኳስ ይዘንላት የመጣነውን ነው የምትመልስልን። አገርም እንዲሁ ናት። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው እሱ ነው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ። ያው ሉቺያኖ በደርግ ዘመን ተሰዶ ጣሊያን ገባ፤ በ2015 እዚያው አረፈ። ዋንጫ ያመጣን ሰውም ስደት አይምረውም።

ታዲያ ኳስ ምን ትጠቅማለች? በዚህ ክረምት የገባኝን ልንገራችሁ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከአራት የውድድር ዓመታት በኋላ ወደ ሊጉ እንደሚመለሱ ሰማሁ። ስልኬን አንስቼ ብዙ ጻፍኩ፣ ብዙ አጠፋሁ። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ብቻ ነው፦ "እንኳን ደስ አለህ። ቡና ግን ያሸንፋችኋል።"

ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ፦

"በሕልምህ።"

አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ከኮርኒሱ ቆርቆሮ በታች ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይቅር ብሎኛል እያልኩ አይደለም፤ አላለኝም። በእነዚያ ዓመታት ማንን እንደቀበረ እንኳ አልጠየቅሁትም። ግን መነጋገር ለማይችሉ ሁለት ሰዎች መጀመሪያ የምትሆን ቃል ኳስ ሰጠችን። ቀሪው የኔ ዕዳ ነው፤ ዕዳዬን ቡናም መቐለም አይከፍሉልኝም።

ስለዚህ የሰደብኩት በአደባባይ ነውና ይቅርታ የምጠይቀውም በአደባባይ ነው። ወንድሜ፣ በ2013 የጻፍኩት ስህተት ነበር። ተናድጄ ነው፣ ተገፍቼ ነው፣ ስደተኛ ሆኜ ነው አልልም። አንተም ተገፍተህ ነበር፤ እኔን ግን አልሰደብክም። ይቅርታ አድርግልኝ። ባታደርግልኝም እረዳሃለሁ።

እናንተ ሼር ያደረጋችሁልኝ ደግሞ፣ ስክሪን ሾቱ ካላችሁ አጥፉት። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አንብቡት፤ ሲያነቡት የሚያስታውሱት ሰው ካለ ደውሉለት። ምን እንደምትሉ ከጠፋችሁ ሊጉ እየጀመረ ነው፤ "ክለብህ እንዴት ነው?" በሉት።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ያን ልጅ ፊት ለፊት ጠርቼ ይህንኑ አነብለታለሁ። ፊሽካዬንም ከዚያ በኋላ እቀበላለሁ።

ቡናና መቐለ የሚገናኙ ቀን ስልክ እደውላለሁ፤ እንደሚያነሳው ተስፋ አለኝ። ቡና ይሸነፍ ግን አልልም። ይቅርታዬ እስከዚያ አይደርስም።

መልካም አዲስ ዓመት። ቸር ያሰማን።