ሥራ ማቆምና የቤት ቀለብ

ታናሽ ወንድሜ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቀለም መንከሪያ ክፍል ሠራተኛና የሠራተኞች ማኅበር አባል ነው። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ማታ ከባለቤቱ ጋር ወደ ቤቴ መጥቶ፥ ማኅበሩ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ፥ አስታራቂም ገብቶ ሊስማሙ ስላልቻሉ፥ ግንቦት 13 ቀን ሥራ ለማቆም መቍረጡን ነገረኝ። እኔም በፍርድ ቤት የምጽፍ ሰው ነኝና ከሁሉ አስቀድሜ ወረቀቱን አሳየኝ አልሁት። ይህ የጸሐፊነት ጠባይ በቤተ ዘመድ ዘንድ እንደማያስወድደኝ ዐውቃለሁ።

በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 እንደሚያዝዘው፥ ሥራ የማቆም ሐሳብ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ከሦስት ሁለቱ እጅ በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫው ሊደገፍ ይገባል። ምክንያቱን የሚገልጽ ማስታወቂያም ከ10 ቀን አስቀድሞ ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት። ድምፁ በደንቡ ተሰጥቶ ነበር። ለአሠሪው የተጻፈው ደብዳቤም ግንቦት 3 ቀን ደርሷል፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተጻፈው ግን መልእክተኛው ዘግይቶ የገባው ግንቦት 6 ቀን ነበር። የቀረው ሰባት ቀን ብቻ መሆኑን በጣቴ ቈጥሬ ባሳየሁት ጊዜ ወንድሜ ተቈጣ። «ቀን ብናዛውር ፈሩ ይሉናል» አለኝ። እኔ ግን እውነተኛ አቤቱታ ያላቸው ሰዎች በቀን ጕድለት ሲረቱ በመዝገብ ጽፌአለሁና አልለቀቅሁትም። በማግሥቱ ማኅበሩ ቀኑን ወደ ግንቦት 17 አዛወረው።

የወንድሜ ሚስት እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቈይታ «ጋሼ፥ ደመወዙስ ይቋረጣልን?» ብላ ጠየቀችኝ። ደመወዝ ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ስለሆነ፥ ሥራ ለቆመበት ቀን ምንም እንዳትጠብቅ ነገርኋት። ነገር ግን ላጽናናት ብዬ «ቢበዛ ሦስት ቀን ነው» አልሁ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ያልሁት ያለ ዕውቀት ነው።

አድማው 11 ቀን ቈየ። በመጀመሪያው ቀን ሳቅና ጨዋታ ነበረ፤ በአራተኛው ቀን ወሬ መጣ። አለቆች ለየሰዉ ስልክ እየደወሉ «እገሌ ወደ ሥራው ተመልሷል፥ አንተ ምን ትጠብቃለህ?» ይሉ ነበር፤ ያ እገሌ ግን በዚያው ሰዓት ከወንድሜ አጠገብ ቆሞ ነበር። አንድ ጐረምሳ ወደ በሩ በሚገባ መኪና ላይ ድንጋይ ሊወረውር ሲያነሣ ወንድሜ እጁን ያዘው። የኀይል ሥራ የተቀላቀለበት አድማ በአዋጁ የተከለከለ ነውና፥ አንዲት ድንጋይ የዚያን ሁሉ ሰው ድካም ባስቀረች ነበር። አራት ሠራተኞችም አደጋ እንዳይደርስ በየተራ እየገቡ ቦይለሩን ይጠብቁ ነበር፤ የደኅንነት ደንብ በአድማ ጊዜም አይሻርምና። አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ «ለአሠሪያቸው ያገለግላሉን?» ብሎ ሳቀ።

በዘጠነኛው ቀን የወንድሜ ትንሽ ልጅ በምሳ ሰዓት ብቻዋን ወደ ቤቴ መጣች። ለምን እንደ መጣች አልጠየቅኋትም። ማታ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስጭኜ ሄድሁ። እናትዮዋ ተቀብላኝ «ጋሼ፥ ሦስት ቀን ብለውኝ አልነበረምን?» አለችኝ፤ የምመልሰው አጣሁ።

በመጨረሻ ከጠየቁት ጭማሪ ግማሹ ተፈቀደላቸውና ተስማሙ። በወሩ መጨረሻ የመጣው ደመወዝ ግን የ11 ቀን ጐደሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወንድሜ ሚስት በየወሩ ጥቂት ብር በቆርቆሮ ሣጥን ታኖራለች፤ ቍልፉንም ለወንድሜ አትሰጠውም።