ሣሩ የቆመበት ተዳፋት

በታኅሣሥና በጥር ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ኮረብቶችን ብታስተውሉ፣ በአንዱ ኮረብታ ላይ ሁለት ዓይነት መልክ ያለው ሣር ልታዩ ትችላላችሁ። ወደ ደቡብ የዞረው ተዳፋት ቀድሞ ይደርቃል፤ ወደ ሰሜን የዞረው ልምላሜው ትንሽ ይቆያል። ዝናቡ ግን የወረደው በሁለቱም ላይ ነበር።

ልዩነቱን ያመጣችው ፀሐይ ናት። በእነዚህ ወራት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከእኛ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። 20 ዲግሪ ያዘቀዘቀ የደቡብ ተዳፋት ጨረሯን ፊት ለፊት ሊባል በሚችል መልኩ ይቀበላል። በዚያው ሰዓት እኩል ባዘቀዘቀው የሰሜን ተዳፋት ላይ የሚያርፈው የዚያ 60 በመቶ ያህሉ ነው። በደቡቡ በኩል አፈሩ እርጥበቱን ቶሎ ያጣል።

ሆኖም ከዓመት ዓመት የሚኖር ሣር ላዩ ደረቀ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። በሥሩና በግርጌው ስንቁን ይዞ ዝናብ ይጠብቃል። የሚብስበት በድርቁ ላይ ከብት እስከ ግርጌው ሲግጠው ነው። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር እንዲያገግም ለዓመታት ከልለው የሚያቆዩት ለዚህ ነበር።

በማስተምርበት የወጣቶች ክፍል አንዲት እህት ከጸሎት ፕሮግራም መቅረት ጀመረች። “ቀዝቅዛለች” ተባለ። ስሟ ከመዘምራን ዝርዝር ይውጣ ያሉም ነበሩ። ይህች እህት ቀን ትሠራለች፤ ማታ የታመሙ እናቷን ታስታምማለች። አብሯት የሚዘምረው ወንድም ወላጆቹ አማኞች ናቸው፤ ቤታቸውም ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው። ሁለቱም የሚሰሙት ስብከት አንድ ነው።

ጌታ በዘሪው ምሳሌ ሥር ያልነበረው ቡቃያ ፀሐይ ሲወጣ እንደ ጠወለገ ተናግሯል። እኛ ግን የእህታችንን ሥር አላየንም፤ ያየነው ላዩን ብቻ ነው።

ተነጋግረን ስሟ በዝርዝሩ እንዲቆይ ተስማማን። አሁን ሁለት እህቶች ቅዳሜ ማታ ተራ ገብተው እናቷን ያስታምማሉ። “መቼ ትመለሻለሽ?” ብለው አይጠይቋትም። እስካሁን ወደ ልምምድ አልተመለሰችም፤ ቅዳሜ ማታ ግን ትተኛለች።

ወዳጆቼ፣ በኅብረታችሁ የደረቀ የሚመስል ሰው ካለ፣ ከመውቀሳችሁ በፊት ፀሐዩ በየት በኩል እንደሚመታው እዩ። የቀረችውን ጥቂት ጉልበት ደግሞ እናንተ አትጨርሱበት።