ዳሪሙ ላይ የሕፃናት ሐኪም ማን ነው?

የሕፃናት ሐኪም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መቱ ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠውን ስፔሻሊስት ነው። በኢሉባቦሯ ዳሪሙ ውስጥ ግን የታመመ ልጅ መጀመሪያ የሚደርሰው የጤና ኬላዋ ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ እጅ ላይ ነው። የብዙ ልጆች ዕጣ የሚወሰነውም እዚያው ነው።

ሕፃን «እዚህ ጋ ያመኛል» አይልም። ሳል ይዞት ከመጣ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል። ከ2 ወር በታች ላለ ልጅ 60፣ ዓመት እስኪሞላው 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ትንፋሹ ፈጥኗል፤ የሳንባ ምች ይጠረጠራል። እያለቀሰ አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል። ወረፋው ደጅ ድረስ በተሰለፈበት ቀን ይህችን ደቂቃ ሳይሰስቱ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። መድኃኒቱም በኪሎ ስለሚሰላ ልጁ ሳይመዘን አይታዘዝም።

የኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን ወደ ጤና ኬላ ያመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ ወደ 59 ወረደ። ክትባቱም፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩም፣ እነዚያ ትንፋሽ የሚቆጥሩ ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። ከ59ኙ ግን 33ቱ የሞቱት ገና የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ያለጊዜው የተወለደ፣ አልተነፍስ ያለ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ጨቅላ ኦክስጅንና ሙቀት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን የማትነቅል ነርስ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስትም ይፈልጋል። ሪፈር ተጽፎለት ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ሲላክ ደግሞ መንገዱ አለ፤ የኢሉባቦር ዝናብ መንገድ ላይ የሚያደርገውን እናውቀዋለን። ልጁን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ፣ አሙቆ መላክ ብቻውን ብዙ ያተርፋል፤ ያን ግን የላከው ሰው ማወቅ አለበት።

ስለዚህ የስፔሻሊስቱ ሥራ ከሆስፒታሉ በር ላይ ይጀምራል ብዬ አላምንም። ጤና ጣቢያ ወርዶ ነርሷን ማሠልጠን፣ ስትደውልለት ስልክ ማንሳት፣ የላከችው ልጅ ምን ላይ እንደደረሰ መልሶ መንገር የሥራው እኩሌታ ነው። ይህን የሚያደርግ ሐኪም ያላየውን ልጅ ሁሉ ያድናል።

እናቶች፣ አባቶች፦ ልጃችሁ ጡት እምቢ ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እባካችሁ እንጥል አታስቆርጡ፣ ግግ አታስወጡ፣ ነገን አትጠብቁ። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።