አዋሽ ያልደረሰበት ባሕር

የወንዝ ማደሪያው ባሕር ነው ተብለን በልጅነታችን ተምረናል። አዋሽ ግን ከዚህ ሥርዐት የወጣ ወንዝ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው አቤ በተባለው ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ውሃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ጨዉ ለሐይቁ ይተርፋል። መንገደኛው ግን ወንዙ ያልቻለውን ችሎ ባሕሩ ዳር ይደርሳል።

መንገዱ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ይጀምራል። ይህች ከተማ ከባቡር ጣቢያዋ ጋር ያደገች ናት፤ ሰዎቿም ከወንዙ አምባዛ የሚያጠምዱበት ጊዜ አለ፤ አዞ እንዳለበት ግን አይዘነጉም። ከዚያ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አድርጎ ሰመራ እስኪደረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዱ ላይ ጭነት የያዙ የጅቡቲ መኪናዎች ሌት ተቀን ይተላለፋሉ። ሰመራ በአሳይታ ፈንታ የአፋር ክልል ዋና ከተማ ትሆን ዘንድ በሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ከሰመራ ወዲያ ሰርዶና ዲቼኦቶ፣ ቀጥሎም የጋላፊ ኬላ አለ፤ ከኬላው ማዶ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይወረዳል።

ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ. ም. ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የዛሬ ልጆች ባሕርን የሚያውቁት በካርታ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ገንዘቡን ቆጥቦ ልጆቹን ጨው ውሃ ሊያሳይ፣ ከጠረፍም ሳይርቅ በኪራይ ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ቢነሣ፣ ምኞቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን ደገኛ ሰው ዋና አያውቅም፤ ባሕርም እንግዳን አይለይም። እንግዲህ ከጉዞው በፊት ማሰብ ይገባል።

መጀመሪያ ወራቱን መምረጥ ነው። በክረምት የጅቡቲ ሙቀትና የበረሃው ነፋስ ለእንግዳ አይቻልም፤ አየሩ የሚለዝበው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የተባለው ታላቅ ዓሣ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል፤ ትልቅነቱ ቢያስፈራም ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው እንጂ ሰው አይደለም። ጾመ ነቢያት ግን ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ፣ በጾም ወራት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጀልባ ላይ ይዞ ከመውጣት፣ ከልደት በኋላ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያሉትን ሳምንታት መምረጥ ለቤተ ሰብ ሰላም ይበጃል።

ሁለተኛው ውሉ ነው። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ፤ በታጁራም ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች ይገኛሉ። ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በሰው ቍጥር? ነዳጁ፣ መንጠቆውና ክሩ፣ ለመንጠቆው የሚሰካው ሥጋ፣ በረዶውና የሚጠጣው ውሃ በዋጋው ውስጥ አሉበት ወይ? የተያዘው ዓሣ የማን ነው? ነፋስ ተነሥቶ መውጣት ቢከለከል ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? ይህ ሁሉ ቀብድ ሳይከፈል ይጠየቅ። ሰዓቱም በጥንቃቄ ይነገር፤ እኛ ንጋት 12 ሰዓት የምንለውን እነርሱ 6 ሰዓት ይሉታልና፣ «በ12 ሰዓት እንገናኝ» ያለ ሰው ጎሕ ሲቀድ መጥቶ እስከ ቀትር ብቻውን ሊቆም ይችላል። የይለፍ ወረቀቱም ከቤት ሳይወጡ ይጣራ።

በዚህ ረገድ የሰመራ ሰው ከአዲስ አበባው ይልቅ ዕድለኛ ነው። የታጁራና የኦቦክ ዓሣ አጥማጆች ብዙዎቹ አፋሮች ናቸው፤ ከኬላው ወዲህና ወዲያ ቋንቋው አንድ ነው። አፋርኛ የሚያውቅ ጎረቤት አብሮ ቢሄድ፣ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ከሚያውቅ አስተርጓሚ የበለጠ ይጠቅማል፤ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ምክርም ያገኛልና።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የሕይወት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃኑም በልኩ፣ ሕይወት አድን ጃኬት ካልቀረበ በጀልባው አለመሳፈር ነው። በማለዳ ወጥቶ የቀትር ነፋስ ሳይበረታ መመለስ ይገባል። ልጅ በጀልባው ጫፍ አይቀመጥ። ባራኩዳ የተባለው ዓሣ ጥርሱ እንደ ምላጭ ስለ ሆነ፣ መንጠቆውን ከአፉ የሚያወጣው ባለ ጀልባው ይሁን። መልሕቅም በኮራል ላይ አይጣል፤ የትንንሾቹ ዓሦች ቤት እርሱ ነውና።

ይህን ሁሉ የምናስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ከኦቦክ በስተ ሰሜን፣ ጎዶሪያ በተባለው ጠረፍ፣ በጥር 2011 ዓ. ም. ወደ የመን ሊሻገሩ የተነሡ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ነፍስ ጠፍቷል። በዚያ መንገድ ከሚሻገሩት አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ናቸው። እነርሱም ለጀልባ ገንዘብ ከፍለው ነበር፤ ነገር ግን ስንት ሰው ይጫናል፣ ጃኬት አለ ወይ፣ ነፋሱ እንዴት ነው ብሎ ለመጠየቅ ሥልጣን አልነበራቸውም። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው መጠየቅም፣ እንቢ ማለትም ይችላል። የሚችለውን ሳያደርግ ቢቀር ግን ልጆቹን በከንቱ ለአደጋ ማሳለፍ ይሆንበታል።

ጥያቄው ሁሉ በመልካም ተመልሶ፣ ጀልባው ከወደቡ ሲርቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ጴጥሮስና ባልንጀሮቹ ሙያቸው ዓሣ ማጥመድ ሆኖ ሳለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ መረብ የሳቡበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን የተከራየ አስተማሪ ወይም ነጋዴ ቅርጫቱ ባይሞላ አይዘን። ልጁ እጁን ወደ ውሃው ሰድዶ ጣቱን ሲቀምስ፣ ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ከጥንት ባሕር የቀረ መሆኑን ያን ጊዜ ይንገሩት፤ በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ በምላሱ ያወቀውን አይረሳውም።